የልዩ ክፍል ቁልፍ

በቀየት ከተማ አንገቷ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለች ሴት ማን ናት ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ መምህርት አመተሥላሴ። ቁልፉ የሣጥን ወይም የጎተራ አይደለም። በትምህርት ቤቱ ግቢ የመጨረሻ ጥግ ላይ፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቃ የቆመች የአንዲት ክፍል ቁልፍ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቴዎፍሎስ እንኳ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። አንድ ጊዜ ቢጠይቃት "ልጆቼ ያሉበት ክፍል ነው፤ አንተ ምን ልታደርግበት?" ብላ አፉን አስይዛዋለች። ከእሷ ጋር ክርክር መግጠም ከቀየት ውርጭ ጋር መታገል መሆኑን ስለሚያውቅ እሱም ሁለተኛ አላነሳውም።

ክፍሏ "ልዩ ክፍል" ትባላለች። መስማት የተሳናቸውና ትምህርት ቶሎ የማይገባቸው ልጆች ከያሉበት ተሰብስበው የሚማሩባት ናት። አመተሥላሴ ወደዚህ ሥራ የገባችው ግን ፈልጋ አልነበረም። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በገብርኤል ደብር ሲያገለግሉ ያረጁ የዜማ ሰው ናቸው። እሷም አንደኛ ክፍልን ሀ ሁ እያስቆጠረች ተመችቷት ትኖር ነበር። አንድ ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ የምልክት ቋንቋ ሥልጠና አለ ተባለና ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ሰበብ ደረደረ። "አመተሥላሴ ባል የላት፣ የሚያለቅስ ሕፃን የላት፣ እሷ ትሂድ" ተባለ። ሥልጠናውን በኩርፊያ ጀመረችው። በማግስቱ ግን አንዲት መስማት የተሳናት አሠልጣኝ በእጇ ብቻ አንድ ቀልድ ነግራ አዳራሹን በሳቅ አፈነዳችው። አመተሥላሴ ቀልዱ የገባት ከሁሉ በኋላ ነው፤ የሳቀችው ግን ከሁሉ በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሥልጠናው የሚያስወጣት አልተገኘም።

ስትመለስ የተሰጣት ክፍል ስብርባሪ ዴስክ የሚወረወርባት መጋዘን ነበረች። ራሷ ጠርጋ፣ ራሷ ኖራ ቀባቻት። ከዚያ ልጅ ፍለጋ ወጣች። የባሰውም ይሄኛው ነው። እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ "የማይሰማ ልጅ አላችሁ?" ቢል ማን "አዎ" ይለዋል? "የለንም፣ ተመስገን" ይሏታል፤ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ግን ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። አመተሥላሴ እግሮቹን እንዳላየች ሆና የቀረበላትን ጠላ ፉት እያለች እጆቿን ታንቀሳቅሳለች፤ ወፍ ታደርጋቸዋለች፣ በግ ታደርጋቸዋለች። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ራሱ ይገለጣል። እንዲህ እያደረገች ክፍሏን ሞላች።

ከወላጅ ሁሉ ያስቸገራት ቅጣው ነው። ቅጣው ከጓሳ ሥር የሚኖር ገበሬ ሲሆን አገሬው መርጦ የጓሳ ጠባቂ ያደረገው ሰው ነው። ጓሳ የደጋው ሰው የጋራ ሣር ነው፤ ቤት የሚከደነው በእሱ፣ በክፉ ቀን ከብት የሚተርፈውም በእሱ ነው። ስለዚህ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ይዘጋል። ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባ ይያዛል፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይቀጣል። ቅጣው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። የገዛ ሚስቱ ወንድም አንድ ሸክም ሣር ጭኖ ሲወጣ ቢያገኘው ይዞ ለሽማግሌ አሳልፎ ሰጥቶታል። ሚስቱ እህል ውኃ አላቀርብልህም ብላ ብታኮርፍም "ሣር ዘመድ አያውቅም" ከሚል ሌላ መልስ አላገኘችም።

ሴት ልጁን ሰብሊን በሕፃንነቷ ክፉ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ሲለቃት መስማቷን ይዞ ሄደ። ቅጣው ያላስጠመቃት ጸበል፣ ያልተሳለላት ታቦት የለም። በመጨረሻ ደክሞት ተወ። አባትና ልጅ በእጅ የሚነጋገሩት ነዪ፣ ብዪ፣ በጎቹን መልሺ፤ ይኸው ብቻ ሆነ። አመተሥላሴ በፈረስ እስከ ቤቱ ድረስ ሄዳ ስትለምነው ልጅቱ ገና የመጀመሪያ ጥርሷን መንቀል ጀምራ ነበር።

"ቀየት ዘመድ አለኝ፣ ማደሪያ አላጣም" አለ ቅጣው። "የምፈራው ሳቁን ነው መምህርት። ከብበው ይሥቁባታል።"

"ለብቻቸው ክፍል አላቸው። ማንም አይደርስባቸውም" አለችው ቁልፉን ከደረቷ አውጥታ። "እኔም ከጎኗ አልለይም። ይኸው ቃሌ ነው፣ አቶ ቅጣው።"

ቅጣው ቁልፉን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ጠባቂ ሰው ነውና ቁልፍ ያለው ነገር ደስ ይለዋል። ልጁን ሰጣት።

ሰብሊ በዚያች ክፍል እንደ ክረምት ጎመን አደገች። መጻፍ ቻለች፣ ቁጥር ቻለች፣ ጓደኞቿን በእጇ እየተረበች ማሳቅ ቻለች። ለሰው ሁሉ የምልክት ስም የምታወጣው እሷ ናት። ለአመተሥላሴ ያወጣችላት ደረት ላይ ቁልፍ ማዞር ነው። አመተሥላሴ ልጅ አልወለደችም፤ ሰብሊን ግን ከአንጀቷ ትወዳት ነበር፣ መደበቅም አልቻለችበትም። ባንዲራ ሲሰቀል ልጆቿን ከሰልፉ ዳር ለብቻቸው ታቆማለች። ማንም እንዳይነካቸው ደወል ሳይደወል ታስወጣቸዋለች። ሰብሊ ሱቅ እርሳስ ልትገዛ ስትገባ አብራት ገብታ "እርሳስ ነው የምትፈልገው" ትላለች። ባለሱቁም ልጅቱን አያይ፣ ልጅቱም ባለሱቁን አታይ፤ ሁለቱም የሚያዩት አመተሥላሴን ነው። ፍቅር ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ልጅን ዕድሜ ልኳን አላምጦ ማጉረስም የሚመጣው ከፍቅር ነው።

በዚህ መሐል አዲሱ መመሪያ ወረደ። ስሙ "አካቶ" ነው። ልዩ ክፍል የሚባል ነገር ይቀራል፤ ማንኛውም ልጅ ከእኩዮቹ ጋር በመደበኛው ክፍል ይማራል፤ የአመተሥላሴ ክፍል የመርጃ ማዕከል ትሆናለች፤ እሷም የአንድ ክፍል መምህርት መሆኗ ቀርቶ መምህራኑን ሁሉ ታግዛለች። ሌሎቹ መምህራንም አጭር ሥልጠና ወሰዱ፤ ስማቸውን በጣታቸው መጻፍና "እንደምን አደርክ" ማለት ችለው ተመለሱ። ወላጆች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ትምህርት ቶሎ የማይገባው ልጅ ያላት ገበያነሽ ልጇ ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ክፍል መግባቱን ስትሰማ ግቢው መሐል እልል አለች። ሌሎቹ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

አመተሥላሴ እሳት ጎርሳ ቴዎፍሎስ ቢሮ ገባች።

"ልጆቼን ስልሳ ልጅ መሐል ልትጥላቸው ነው?"

"መጣል አይደለም እትዬ፣ ማካተት ነው።"

"የአራተኛ ክፍሉ አስፋው ለሚሰሙት እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚያስተምር! ሰብሊ ምን ትስማ? ጀርባውን?"

ቴዎፍሎስ ክፉ ሰው አይደለም፤ መመሪያውን ብቻ ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ ገፋው። አመተሥላሴም በሩን ሳትዘጋ ወጣች፤ የውስጧን ንዴት ለማወቅ ይህ ብቻ ይበቃል፣ በር ሳትዘጋ ወጥታ አታውቅምና።

ቅጣው ወሬውን ሰምቶ በገበያ ቀን መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ዱላውን ተመርኩዞ "መምህርት፣ ለብቻዋ ክፍል አላት ብለውኝ ነው የሰጠሁዎ" አላት። "ክፍሉ ከተዘጋ ልጄ ከእኔ ጋር ትግባ። በጎቹ አይሥቁባትም።"

"ጥምቀት እስኪያልፍ ይታገሡኝ። እኔ አብሬያት እገባለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ አንዲት ቃል አታመልጣትም።"

"ጥምቀት ካለፈ በኋላ በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያልኩትን አልለውጥም።"

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰብሊ ወይ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትቆያለች፣ ወይ ጥምቀት ሲያልፍ በአባቷ በቅሎ ተጭና ሦስት ነገር ብቻ ወደሚነገርበት ቤት ትመለሳለች።

አመተሥላሴ ቃሏን ጠብቃ ሰብሊ ወደተመደበችበት አራተኛ ክፍል ገባች። አስፋው ወጣት መምህር ነው፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ጠመኔ እንደያዘ የሚሮጥ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ከፊት ዴስክ አጠገብ ቆማ በእጇ ትተረጉማለች። ችግሩ ክፍሉ በሙሉ እሷን ማየት መጀመሩ ነው። እጅ ሲወዛወዝ እያየ ሰሌዳ የሚያይ ልጅ ከየት ይመጣል? አስፋው ጥያቄ ይጠይቅና ዘወር ሲል ስልሳው ፊት ወደ አመተሥላሴ ዞሮ ያገኘዋል። "ይህ ክፍል ሁለት መምህር አለው፣ አንዱ የሚሰማው የለም" እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱ ግን እያደር ጨው እየበዛው ሄደ።

ሰብሊም አመተሥላሴን ብቻ ታያለች። አስፋው ስሟን በጣቱ ጽፎ ቢጠራትም ዓይኗ ወደ መምህሯ ነው፤ "ምን ልበለው?" አጠገቧ የተቀመጠችው ጽዮን ብስኩት ብትሰጣት እንኳ መጀመሪያ አመተሥላሴን ታያለች። ልጆቹ "የእትዬ ጥላ" ብለው ስም አወጡላት። አልሣቁባትም፤ ረሷት እንጂ። አመተሥላሴ ይህን አላየችም። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው እንደሚባለው፣ የሚታየውን ሳታይ ወራት አለፉ።

ኅዳር ላይ አመተሥላሴ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ተጠራችና ሰንብታ መጣች። ስትመለስ የሰብሊ ደብተር ባዶ ነው። እሷ ባልነበረችበት ጊዜ አንዲት መስመር አልተጻፈበትም። ልጅቱ ከጠዋት እስከ ማታ የመምህሯን ባዶ ቦታ እያየች ተቀምጣ ከረመች። ወሬው በዘመድ በኩል ጓሳ ደረሰ። ቅጣውም "ዓይኔ እስኪያይ አላስፈለገኝም፤ ጥምቀት ሲያልፍ ጠብቁኝ፣ በቅሎ ጭኜ እመጣለሁ" ብሎ ላከ።

አመተሥላሴ በዚያ ሰሞን እህል አልወርድ አላት። እንዲህ እንዳለች የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ወጥቶ፣ ካህናቱ ግቢው ውስጥ እንደ ልማዳቸው በሁለት መስመር ፊት ለፊት ቆመው ወረቡን ጀመሩ። ከበሮው በመሐል፣ መቋሚያው በግራና በቀኝ አንድ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። አመተሥላሴ ከሴቶቹ ተርታ ሰብሊን ይዛ ቆማለች፤ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። ድንገት አጠገቧ የሆነ ነገር ሲወዛወዝ ተሰማት። ሰብሊ ናት። ዱላ የላት፤ እጇን እንደ መቋሚያ ይዛ፣ ከካህናቱ ጋር እኩል ወደ ቀኝ ትላለች፣ እኩል ወደ ግራ ትላለች። ወረቡ ሲፈጥን ትፈጥናለች። አንድ ደብተራ ተሳስቶ መቋሚያውን ለብቻው ሲያነሣ ሰብሊ አፏን ይዛ ሣቀች። ከበሮውን በእግሯ ሰማችው እንዳይባል የደብተራውን ስሕተት ከበሮ አይናገርም።

"እንዴት አወቅሽ?" አለቻት በእጇ።

ሰብሊ እንደ ቂል አየቻት። "ይተያያሉኮ" አለች። "ይሄኛው ባያሳየኝ ያኛው ያሳየኛል። እኛ ክፍል የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው። አንቺን ነው የማይሽ፣ ሌላው ሁሉ ጀርባ ነው።"

አመተሥላሴ ያን ቀን ማታ አባቷን እግራቸውን እያጠበች ጠየቀቻቸው። "አባባ፣ ካህናት ለምንድን ነው ፊት ለፊት የምትቆሙት?"

"እ?"

"ፊት ለፊት! ለምን ትቆማላችሁ?"

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከመሪው ያልሰማ ከወዲያኛው እንዲያይ ነዋ። ልጄ፣ ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ እኔ ጆሮዬ ከከዳኝ ቆይቷል። የምመራው የወዲያኛውን መስመር መቋሚያ እያየሁ ነው። እነሱ ከእኔ ያያሉ፣ እኔ ከእነሱ። ማን አወቀብኝ?"

አመተሥላሴ ሳፋውን እንደያዘች ሣቀች፤ እየሣቀች ደግሞ አለቀሰች። አገር ምድሩን ዞራ የማይሰማ ልጅ ስትለቅም፣ ጎጆዋ ውስጥ አንድ የማይሰማ ሽማግሌ ሸሽጋ መኖሯን አላወቀችም። መጋረጃው ሥር ያለውን እግር ያላየችው በራሷ ቤት ነው።

በማግስቱ አስፋውን ከደወሉ በፊት ያዘችው።

"ዴስኮቹን እናዙራቸው። ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ፤ ፊት ለፊት። እንደ ወረብ።"

"ወረብ ልታስወርቢኝ ነው እትዬ? ሰሌዳውስ? አንገታቸው ይጣመማል።"

"ሰሌዳውን መቼም የሚያዩት ሲገለብጡ ነው፤ ሲነጋገሩ ይተያዩ። አንተም መሐል ቁም። ጥያቄ የሚመልስ ይቁም፣ እጁን ያንሣ፣ ከዚያ ይናገር። ቀስ እያለ።"

አስፋው ጠመኔውን ከእጅ እጅ እያቀያየረ አሰበ። ብዙ ጊዜ የሚቀልድ ሰው ቁም ነገር ሲናገር ያስፈራል። "እሺ፣ አዞራለሁ" አለ። "አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። አንቺ ክፍሉ ውስጥ ካለሽ ዴስኩን ወደ ሰማይ ብናዞረውም ሰብሊ ከአንቺ ሌላ አታይም። እባክሽ ውጪልን።"

ይህን ቃል ሌላ ሰው ቢላት ቀየት ለሁለት ትከፈል ነበር። አመተሥላሴ ግን ቁልፏን ጨበጠች። "ከጎኗ አልለይም ብዬ ለአባቷ ቃል ሰጥቻለሁ" አለች።

"ቃሉን የሰጠሽው ከትምህርት እንዳትቀር አይደል?"

ሄደች። ልዩ ክፍሏን ከፍታ፣ ከውስጥ ቆልፋ፣ ትንሹ ዴስክ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ያመማት መባረሯ አይደለም። ያመማት አስፋው ልክ መሆኑ ነው። ከአገር አገር ዞራ ከጓዳ ያወጣቻቸውን ልጆች ኖራ በተቀባ ጓዳ ውስጥ ቆልፋባቸው ኖራለች። ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡ ልጆች እየተያዩ ይሣሣቃሉ፤ እነዚያ ሁልጊዜ ከኋላ ተደብቀው የሚያንቀላፉት ደግሞ ኋላ የሚባል ነገር ጠፍቶባቸው አኮረፉ። አስፋው ግን "ለካ እነዚህ ልጆች ፊት አላቸው!" ማለት ጀመረ። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ከፊቱ ያነበዋል። ሰብሊ መጀመሪያ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ ዋለ። አመተሥላሴ አልመጣችም። በማግስቱም በሩን አየች። ከዚያ ከወዲያኛው መስመር አንዱ ተነሥቶ እጁን አውጥቶ ሲናገር ከንፈሩን አየችው፤ ሌላው በጣቱ ቁጥሩን አሳያት፤ ጽዮን ደግሞ ያመለጣትን ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጫረችላት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።

አመተሥላሴም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በእረፍት ሰዓት ክፍሏን ከፍታ የሚመጣውን ሁሉ ምልክት ታስተምር ገባች። ጽዮን አንደኛ ናት፤ እጇ ከምላሷ ይፈጥናል፣ ምላሷም ቀላል አይደለም። አስፋው እንኳ ከልጆቹ መሐል ተጎልቶ ይማራል፤ በግ ሊል ፍየል እያለ መሣቂያ ቢሆንም አልተወም። ገበያነሽም ለመጠየቅ መጥታ ሁለት ሦስት ምልክት ይዛ ሄደች።

ጥምቀት አለፈ። በገበያው ቀን ቅጣው ኮርቻ የተጫነች በቅሎ እየሳበ ግቢ ገባ፤ ኮርቻው ባዶ ነው፣ ለማን እንደሆነ ጥያቄ የለውም። አመተሥላሴ ከክፍሏ ወጥታ ተቀበለችው።

"ልዩ ክፍሉ ክፍት ነው የሚሉኝ" አለ ቅጣው። "ማንም ይገባል አሉ።"

"ይገባል።"

"ከጎኗም የሉም አሉ።"

"የለሁም" አለች አመተሥላሴ። "ቃሌን አፍርሻለሁ። ግን ከመውሰድዎ በፊት በዓይንዎ ይዩ። ይህንንም ያሉት እርስዎ ነዎት።"

ቅጣው በቅሎዋን ከባሕር ዛፉ ሥር አስሮ ተከተላት። አስፋው ከመስመሩ ጫፍ ዴስክ ላይ አስቀመጠው፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። አመተሥላሴ በሩ አጠገብ ቆመች። የዕለቱ ትምህርት ስለ አካባቢ ጥበቃ ነበር። አስፋው የጓሳ ሰው መምጣቱን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ጠመኔውን አስቀምጦ መሐል ላይ ቆመና እየተናገረ ሰሌዳው ላይም ጻፈው፤ "ጓሳ ለምን ይዘጋል?"

ብዙ እጅ ወጣ። ከመሐሉ የሰብሊም እጅ ነበረ። ሰብሊ ተነሥታ ቆመች፤ ከወዲህም ከወዲያም ያሉት ፊቶች ወደ እሷ ዞሩ። እጆቿን አነሣች።

አመተሥላሴ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ጽዮን ቀድማት ተነሣች። "ሰብሊ እንዲህ ትላለች" አለች ጽዮን የጓደኛዋን እጅ እያየች። "ጓሳ የሚዘጋው ሣሩ እንዲደርስ ነው። ሳይደርስ ከታጨደ ለቤትም አይሆን፣ ለከብትም አይሆን። ሳይደርስ የሚያጭደውን ሰው አባቴ ይይዘዋል። ዘመድም ቢሆን አይለቅም፤ አጎቴንም ይዞታል።"

ክፍሉ ሣቀ። ቅጣው አንገቱን ነቀነቀ፤ እውነት ነዋ። ሰብሊ ግን አልተቀመጠችም። ወደ አባቷ ዞረች። እጆቿ ቀስ አሉ።

ጽዮን ቅጣውን አየት አድርጋ ተናገረች። "እኔም ገና አልደረስኩም። አባባ ግን ዛሬ በቅሎ ይዞ መጥቷል። እሱንስ ማን ይይዘዋል?"

ማንም አልሣቀም። ቅጣው ልጁን አየ። ከጸበል ጸበል ተሸክሟት ሲዞር አንዲት ቃል ትበለኝ ብሎ የለመነላት ልጅ ናት፤ ይኸው ተናግራው፣ ደግሞም በገዛ ሕጉ ይዛው ቆማለች። ጺሙን ዳበሰ። ከዚያ ከዚያች ትንሽ ዴስክ ውስጥ እየተጎተተ ተነሣና ሁለት እጁን፣ ሣር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው፣ አንድ ላይ አድርጎ ወደ ሰብሊ ዘረጋ። እሰሪኝ ማለቱ ነው። ይህን ለመተርጎም ጽዮንም አላስፈለገች። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ፤ ሰብሊም ሮጣ የአባቷን እጅ ያዘች።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አመተሥላሴን "ሣቁ እኮ ደህና ሣቅ ነው" አላት። ቀጥሎም ልጁን ሊጠይቅ ዞረ፤ አፉ የለመደውን "መምህርት፣ ይጠይቁልኝ" ሊል ጀምሮ ተወው። ራሱ እጁን አነሣ፣ ወደ ክፍሉ አመለከተ፣ ወደ በቅሎዋ አመለከተ፣ ጥያቄ እንዲመስል ቅንድቡን ሰቀለ። ሰብሊ "እዚሁ እቀራለሁ" የሚለውን ምልክት አሳየችው፤ እሱም ደግሞ ደግሞ እየተሳሳተ ተማረው። በቅሎዋ ላይ አሞሌና ዘይት ጭኖ፣ "እቀራለሁ፣ እቀራለሁ" እያለ በእጁ እየተለማመደ ወደ ጓሳ ወጣ። መንገድ ላይ ያየው ሰው ቅጣው ከራሱ ጋር መነጋገር ጀመረ ብሎ አውርቷል።

በእረፍት ሰዓት ሰብሊና ጽዮን በአመተሥላሴ አጠገብ አለፉ። እጆቻቸው ወሬ ይዘው ይሮጣሉ። ሰብሊ አላየቻትም። ከጎኗ ሳትለይ የኖረችው ልጅ ዛሬ ሳታያት አለፈች። አመተሥላሴን ደረቷ ሥር አንድ ነገር ወጋት፤ ደስታ ነው፣ ግን ይወጋል። ወደ መምህራን ማረፊያ ገባች፣ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች፣ የጠመኔ ካርቶን ከሚቀመጥበት በላይ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ቴዎፍሎስ ያየውን ማመን አቅቶት ዓይኑን አሸ።

በማግስቱ ጠዋት ሰብሊ የመምህሯን ባዶ አንገት አይታ ደነገጠችና ደረቷ ላይ ቁልፍ አዙራ "የት ሄደ?" አለቻት። አመተሥላሴ ወደ መምህራን ማረፊያው ወስዳ ምስማሩን አሳየቻት። ሰብሊ ትንሽ አሰበች። ከዚያ በእግሯ ጣት ቆማ ቁልፉን አወረደች፣ ጽዮንን በእጅ ጠራቻት፣ ሁለቱ ተያይዘው ክፍሉን ሊከፍቱ ሮጡ።